ባሕሩ ከታች አልተኛም፦ ስለ ውስጥ ታይድ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰዎች ደረሰኝ። ሦስቱም በንግድ መርከብ ላይ የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። «እውነት ነው እንዴ?» ብለው ነው የላኩልኝ። ጽሑፉ «ከባሕር በታች ማዕበል የለም» ይላል። የጸሐፊው አማርኛ ያምራል፣ ሲነበብም ያሳምናል። ዝም ማለት ያቃተኝም ለዚህ ነው። ይሄን አምኖ መርከብ ላይ የሚወጣ ልጅ ባሕሩን በተሳሳተ ዓይን ነው የሚያየው።

ላላነበባችሁት የጽሑፉን ሐሳብ ባጭሩ ልንገራችሁ። ታይድ፣ ማለትም ጨረቃና ፀሐይ የሚያመጡት የባሕር ሙላትና ጉድለት፣ የላይ ነገር ብቻ ነው ይላሉ። ከ50 ሜትር በታች ውሃው ተኝቷል። በባሕር ውስጥ 100 እና 200 ሜትር የሚነሳ ሞገድ አለ የሚባለው ውሸት ነው፤ ቢኖር ኖሮ መርከብ ይገለብጥ ነበር። ቀይ ባሕርና ሜዲትራንያን ታይዳቸው እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ውስጣቸው ምንም የለም። ቢኖርም ሰዓቱ እንደ ወደብ ታይድ በሠንጠረዥ በታወቀ ነበር። ጉልበቱ ትንሽ ነው፣ በተነሳበት ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የሰጠመውን የኢንዶኔዥያ ሰርጓጅ መርከብ በውስጥ ሞገድ ማሳበብ ተረት ነው። በመጨረሻም፣ ባሕር ለሌለው አገር ይሄ ሁሉ ምን ያደርግለታል ብለው ይዘጋሉ። ማስረጃቸው ደግሞ ጅቡቲ ላይ ጠልቆ የዋኘ ጓደኛቸው ነው። «ከታች ፍጹም ጸጥታ ነው» ብሏቸዋል።

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። በንግድ መርከብ ላይ መኮንን ሆኜ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ባሕሩን እያየሁ፣ ያላወቅኩትን እያነበብኩ ነው የተማርኩት። ነጥብ በነጥብ ልሂድ።

«ታይድ የላይ ነገር ነው፤ ከ50 ሜትር በታች ውሃው ተኝቷል»

የጽሑፉ መሠረት ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጸሐፊው ታይድን ንፋስ ከሚያነሳው ሞገድ ጋር አምታተውታል። የንፋስ ሞገድ እውነትም ላይ ላዩን ነው። ከአንዱ ጫፍ እስከሚቀጥለው ጫፍ 100 ሜትር የሚረዝም ሞገድ፣ 50 ሜትር ሲወርዱ አይሰማም ማለት ይቻላል። የ50 ሜትሩን ነገር ያመጡትም ከዚህ ይመስለኛል። ታይድ ግን ሌላ ነው። ርዝመቱ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ነው የሚቆጠረው። ውቅያኖሱ ደግሞ በአማካይ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ቢጠልቅ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ረጅም ሞገድ ውቅያኖስ ማለት ትሪ ላይ የፈሰሰ ውሃ ነው። ስለዚህ ታይድ ሲመጣ የሚሄደው ላዩ ብቻ አይደለም፤ ከላይ እስከ ወለሉ ያለው ውሃ በሙሉ ይሄዳል፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ደግሞ ይመለሳል።

ያ ውሃ ደግሞ አንድ ወጥ አይደለም። ንብርብር ነው። ከላይ ፀሐይ ያሞቀችው ቀላል ውሃ አለ። ከሥሩ ቀዝቃዛውና ከባዱ አለ። ጨውም የራሱ ድርሻ አለው፤ ጨው የበዛበት ውሃ ይከብድና ወደ ታች ይሄዳል። በብዙ ባሕር ላይ ከሞቀው ወደ ቀዝቃዛው የሚታለፍበት ወሰን በጥቂት አሥር ሜትሮች ውስጥ ያልቃል። ጠላቂዎች በደንብ ያውቁታል፤ እግር ቀዝቃዛ ውስጥ ገብቶ ደረት ገና ሞቃቱ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሁለቱን እናገናኝ። ከላይ እስከ ታች የሚሄደው ውሃ ወለሉ ላይ ተራራ ያጋጥመዋል። ወይም ጥልቁ ባሕር አልቆ ወደ አህጉሩ ጫፍ ሽቅብ የሚወጣውን ዳገት ያጋጥመዋል። መሄጃ ስለሌለው ዳገቱን ይወጣል። ከታች የነበረው ከባድ ውሃ ከቦታው በላይ ተነሳ ማለት ነው። እዚያ ዙሪያውን ያለው ውሃ ከሱ ይቀላል። ስበት መልሶ ይጎትተዋል። ሲወርድ ደግሞ ቦታው ላይ አይቆምም፣ አልፎ ይወርዳል። ከዚያ እንደገና ይገፋና ይወጣል። ልጆች የሚጫወቱበት ዥዋዥዌ ማለት ነው። ገፊዋ ጨረቃ ናት፤ በ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አንዴ ትገፋዋለች። ይሄ መነሳትና መውረድ ተራራው ጋ አይቀርም። በንብርብሩ መሐል ሞገድ ሆኖ ይሄዳል። የውስጥ ታይድ የሚባለው ይሄ ነው።

ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። ባለፈው የእረፍት ጊዜዬ ከእህቴ ልጅ ጋር ሠርተነዋል። የሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ። ሲሶውን በቀይ ሥር ቀለም ያቀላችሁት ውሃ ሙሉት። ሌላውን ሲሶ የምግብ ዘይት ጨምሩበት። የቀረው አየር ይሁን፣ ክዳኑን አጥብቁ። ሃይላንዱን ጠረጴዛ ላይ አጋድሙትና አንድ ጎኑን ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ መልሳችሁ አስቀምጡት። የዘይቱ ፊት ወዲያው ይረጋል። ከሥሩ ያለው ቀዩ ግን ገና መሄዱ ነው። አንዱ ጫፍ ላይ ይቆለላል፣ ይመለሳል፣ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ በዝግታ። የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «ላዩ ቆመ፣ ታቹ አልቆመም» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ እኔም የለኝም። ዘይት ከውሃ የሚቀለው ወደ 8 በመቶ ነው። ባሕር ውስጥ በንብርብሮቹ መሐል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከግማሽ በመቶ እንኳ ያንሳል። ስለዚህ እዚያ ከሃይላንዱ ይልቅ የባሰ ቀርፋፋና የባሰ ትልቅ ይሆናል።

«200 ሜትር የሚነሳ ሞገድ ቢኖር መርከብ ይገለብጥ ነበር»

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም መጀመሪያ ስሰማ የጠየቅኩት ይሄንኑ ነው።

መልሱ ክብደት ላይ ነው። የባሕሩን ፊት አንድ ሜትር ለማንሳት ውሃን ወደ አየር ማንሳት አለባችሁ። አየር ከውሃ 800 ጊዜ ያህል ይቀላል፣ ስለዚህ የውሃው ሙሉ ክብደት እናንተ ላይ ነው። ከታች ግን ከባዱን ውሃ የምታነሱት ከሱ በጥቂቱ ብቻ ወደሚቀል ውሃ ውስጥ ነው። ልዩነቱ 0.2 በመቶ ከሆነ፣ ስበት የሚጎትተው ከሙሉ ክብደቱ 0.2 በመቶውን ብቻ ነው። ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ባልዲ ውሃው ውስጥ እያለ ቀላል ሆኖ፣ ከውሃው ሲወጣ የሚከብደው ለዚህ ነው። ላይ አንድ ስንዝር የሚያነሳው ግፊት ከታች መቶ ሜትር ሊያነሳ ይችላል።

በላይኛው ፊት ላይ የሚቀረው ምልክትም በዚያው ልክ ነው። ወሰኑ ከታች 100 ሜትር ሲነሳ፣ ልዩነቱ 0.2 በመቶ በሆነበት ባሕር፣ ላዩ ላይ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ያውም የሚሆነው ተቃራኒው ነው፦ ከታች ሲነሳ ከላይ ይጎደጉዳል። ያ 20 ሴንቲ ሜትር በኪሎ ሜትሮች ላይ የተዘረጋ ነው። 200 ሜትር የሚረዝም መርከብ ይሄን እንዴት ሊሰማ ይችላል?

ስለዚህ መርከብ ሲገለበጥ አይታይም የሚለው የጸሐፊው መነሻ ልክ ነው። ከዚያ ተነስተው «የለም» ማለታቸው ግን አያስኬድም።

ምልክት ግን አይተውም ማለት አይደለም። ያየሁትን ልንገራችሁ። ከአትላንቲክ ወደ ሜዲትራንያን እየገባን ነበር፣ በጂብራልታር ሰርጥ። ተረኛ ነበርኩ፤ ሊነጋጋ ሲል። ንፋስ የለም፣ ባሕሩ ዘይት የተቀባ ይመስላል። ራዳሩ ላይ ሦስት ቀስት የመሰሉ መስመሮች መጡ፣ እርስ በርስ ትይዩ፣ አንዱ ከሌላው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የተራራቀ። መጀመሪያ ዝናብ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ በዓይናችን አየነው። ከፊታችን ረጅም ጥቁር ቀበቶ የሚመስል ሸካራ ውሃ አለ፤ ትንንሽ ሞገዶች እርስ በርስ እየተጋጩ ይፈላሉ፣ ጫፋቸው ነጭ ነው። እሱን ስናልፍ ልስልስ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ውሃ። ከዚያ ሌላ ሸካራ ቀበቶ። ቀበቶው ውስጥ ስንገባ መርከቧ አልተነቃነቀችም፤ ግን የሄድንበት መስመር ትንሽ ወደ ጎን ሲሸሽ ጂፒኤሱ ላይ ታየኝ። የመርከበኞቹ አለቃ ፊሊፒናዊ ነበር። ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና «እኛ አገር ይሄ በጣም ትልቅ ነው» አለኝ። በኋላ ሳነብ ነው ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ።

ከሥር የሚሄደው ሞገድ ላዩን ውሃ አንዱ ጋ ይሰበስበዋል፣ ሌላው ጋ ይበትነዋል። የተሰበሰበበት ይሻክራል፣ የተበተነበት ይለሰልሳል። ቀበቶው የሚመጣው ከዚህ ነው። በአንዳማን ባሕር የሚያልፉ መርከበኞች ይሄን የመሰለ ቀበቶ ከድሮ ጀምሮ በመዝገባቸው ጽፈውታል።

ረጃጅሞቹን የውስጥ ታይዶች ደግሞ ከሕዋ መለካት ተችሏል። እ.ኤ.አ. በ1992 የተወነጨፈው ቶፔክስ ፖሲዶን ሳተላይት የባሕሩን ፊት ከፍታ በሴንቲ ሜትር ደረጃ ይለካ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ሬይ እና ጋሪ ሚቹም እ.ኤ.አ. በ1996 ይሄን መረጃ ይዘው ከሃዋይ የሚነሳውን የውስጥ ታይድ አሳዩ። ላዩ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ከታች ግን ንብርብሩ በአሥር ሜትሮች ይነሳል፣ ይወድቃል።

«ቀይ ባሕርና ሜዲትራንያን ታይድ ስለሌላቸው ውስጣቸውም ምንም የለም»

እዚህ ላይ በጣም ነው የማልስማማው። ሁለቱም ባሕሮች የእሳቸውን ሐሳብ ያፈርሳሉ።

የውስጥ ታይድ ትልቅ ወይም ትንሽ የሚሆነው ወደብ ላይ ውሃው ስንት ሜትር እንደወጣ ብቻ ተቆጥሮ አይደለም። ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የሚሄድ ውሃ፣ የሚያደናቅፈው ወለል፣ እና የተነባበረ ባሕር። ወደብ ላይ ከፍታው ትንሽ ሆኖ ሰርጡ ውስጥ ግን ውሃው እየተጣደፈ ሊያልፍ ይችላል።

ጂብራልታርን ውሰዱ። ከላይ የአትላንቲክ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጨዉ በሺህ ግራም ውሃ 36 ግራም አካባቢ ነው። ከሥር ጨዉ 38 የሆነው የሜዲትራንያን ከባድ ውሃ ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለት ወንዝ ማለት ነው፣ አንዱ በሌላው ላይ፣ አቅጣጫቸው ተቃራኒ። ሰርጡ ውስጥ ደግሞ የካማሪናል ደፍ የሚባል አለ፤ ልክ እንደ ቤት ደፍ ከወለሉ ብድግ ያለ፣ ጥልቀቱ ወደ 290 ሜትር የሚጠጋ። ታይዱ ወደ ምዕራብ ሲገፋ ከደፉ ማዶ ንብርብሩ ወደ ታች ይጎደጉዳል፣ እዚያው ተይዞ ይቆያል። የታይዱ ፍሰት ሲዳከም የሚይዘው የለም፤ ይለቀቅና ወደ ምሥራቅ ይነጉዳል፣ ሲሄድም ወደ ብዙ ሞገዶች ይከፋፈላል። ሲነሳ ከፍታው 100 ሜትር ሊደርስ ይችላል። እኔ ያየኋቸው ሦስት ቀበቶዎች የዚህ ልጆች ናቸው። ሜዲትራንያን ታይድ የለውም የሚለው ሰው የስፔንን ወይም የጣሊያንን ባሕር ዳር አይቶ ነው።

አሁን ቀይ ባሕር። ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ነው መሰለኝ ጸሐፊው ደጋግመው ያነሱት። ላዩ ላይ ታይዱ ትንሽ ነው ማለታቸው ትክክል ነው። ፖርት ሱዳን አካባቢ የለም በሚባል ደረጃ ነው፤ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ጫፎቹ ሲሄዱ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። ውስጡ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሌላ ውቅያኖስ ላይ 1,000 ሜትር ሲወርዱ ውሃው 4 ወይም 5 ዲግሪ ይሆናል። ቀይ ባሕር ላይ ግን እዚያም ወርደው 21 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጨዉ ደግሞ ከ40 ይበልጣል። በላዩ ላይ ሞቃቱ ውሃ ተነጥፏል። በባብ ኤል መንደብ በኩል፣ ጥልቀቱ 137 ሜትር በሆነው የሐኒሽ ደፍ ላይ፣ በክረምትና በበጋ ሌላ ሌላ ዓይነት ንብርብር ይመጣል። በእኛ በጋ፣ ፈረንጆቹ ክረምት በሚሉት ጊዜ፣ ሁለት ነው፦ ከላይ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ውሃ ይገባል፣ ከታች ጨዋማው ይወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ሦስት ይሆናል፦ ላዩ ይወጣል፣ መሐሉ ላይ ከኤደን በኩል ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ሰርስሮ ይገባል፣ ከሥር ጨዋማው በትንሹ መውጣቱን ይቀጥላል።

ደግሞም በዓይን የታየ ነገር አለ። በደቡባዊው ቀይ ባሕር፣ 16ኛው ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ፣ ከዳህላክ ደሴቶች ብዙም ሳይርቅ፣ የሳተላይት ምስሎች ላይ ተራ በተራ የሚሄዱ የውስጥ ሞገዶች ተገኝተዋል። ይሄን እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ተመራማሪዎችን የገረማቸው ራሱ ይሄ ነበር፦ ታይዱ እንዲህ ደካማ ሆኖ ሳለ ይሄን የሚያህል ሞገድ ከየት መጣ? ጸሐፊው «ታይዱ ደካማ ስለሆነ ሊኖር አይችልም» ብለው የዘጉትን በር ተመራማሪዎቹ «አለ፣ እንዴት ሊኖር ቻለ?» ብለው ከፈቱት።

«ቢኖር ኖሮ በሠንጠረዥ ይታወቅ ነበር»

ወደብ ስንገባ የታይድ ሠንጠረዥ እናያለን። ለሚቀጥለው ዓመት ጭምር በደቂቃ የተሰላ ነው። ጸሐፊው «ሁለቱም ከጨረቃ ከሆነ ሁለቱም እኩል መታወቅ አለባቸው» ይላሉ። የሚያሳምን ይመስላል፣ ግን የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው ጋር አንድ አድርገውታል።

የላዩ ታይድ በ4,000 ሜትር ባሕር ላይ በሴኮንድ 200 ሜትር ያህል ይሄዳል። የአውሮፕላን ፍጥነት ነው። የውስጡ ግን ጥልቅ ባሕር ላይ በሴኮንድ ወደ 3 ሜትር ነው፤ ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው አብሮት ይሄዳል። ከአንዱ ጫፍ እስከሚቀጥለው ጫፍ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ቀርፋፋ የሆነ ነገር መንገድ ላይ ብዙ ያጋጥመዋል። ጅረት ይገፋዋል፣ አዙሪት መንገዱን ያጣምምበታል። ፍጥነቱ ራሱ የሚወሰነው በንብርብሩ ነው፤ ንብርብሩ ደግሞ ከወቅት ወቅት ይለያያል። ስለዚህ ከምንጩ አጠገብ በሰዓቱ ይነሳል፣ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲደርስ ግን አንዳንዴ ቀድሞ አንዳንዴ ዘግይቶ ነው። ሳተላይት ለዓመታት ያጠራቀመውን አማካይ ስንወስድ የምናየው በሰዓቱ የሚደርሰውን ክፍል ብቻ ነው፣ የቀረው ከአማካዩ ውስጥ ይጠፋል።

«ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ በተነሳበት ይሞታል»

ሁለቱም አይደለም።

ጨረቃ ከእኛ በዓመት ወደ 3.8 ሴንቲ ሜትር ትርቃለች። ይሄ ጨረቃ ላይ በተተከሉ መስተዋቶች አማካይነት በሌዘር ተለክቷል። ከዚህ ተነስቶ ታይድ በጠቅላላው ስንት ጉልበት እንደሚያጣ ይሰላል፤ ከ3.5 ትሪሊዮን ዋት በላይ ነው። ለረጅም ጊዜ የተገመተው ይሄ ሁሉ ጥልቀታቸው ትንሽ በሆኑ ባሕሮች ወለል ላይ በፍትጊያ ያልቃል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ጋሪ ኤግበርት እና ሪቻርድ ሬይ የሳተላይቱን መረጃ ይዘው ሲመረምሩ ወደ 1 ትሪሊዮን ዋት የሚሆነው የሚጠፋው ጥልቁ ውቅያኖስ ላይ፣ ወለሉ ወጣ ገባ በሆነበት ቦታ እንደሆነ አገኙ። የውስጥ ታይድ የሚወለድበት ቦታ ማለት ነው። 1 ትሪሊዮን ዋት ስንት እንደሆነ ለመገመት፣ የሕዳሴ ግድባችን ሁሉም ተርባይኖች በሙሉ አቅም ሲሠሩ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። 190 የሕዳሴ ግድብ ቀንና ሌሊት ሲሠራ አስቡት።

በተነሳበት ይሞታል የሚለውን በተመለከተ፣ ከሃዋይ የሚነሳው የውስጥ ታይድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ ታይቷል። አጭሩና የተወሳሰበው ምንጩ አጠገብ ይሰበራል፣ ረጅሙና ቀላሉ ግን ይሄዳል።

የፊሊፒናዊው አለቃ ነገርም እዚህ ይገባል። በታይዋንና በፊሊፒንስ መሐል የሉዞን ሰርጥ አለ። ወለሉ ላይ ሁለት ትይዩ የተራራ ሰንሰለቶች አሉ። ታይዱ ሲያልፍባቸው ውሃው በመቶ ሜትሮች ይነሳና እንደ ባሕር ዳር ሞገድ ተገልብጦ ይሰበራል፤ የተገለበጠው ውሃ ቁመቱ 500 ሜትር የደረሰበት ጊዜ ተለክቷል። ያልተሰበረው ወደ ምዕራብ ጉዞ ይጀምራል፣ በደቡብ ቻይና ባሕር ውስጥ ወዳለው ዶንግሻ ደሴት ሁለት ቀን ያህል ፈጅቶ ይደርሳል፣ ከ200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይዞ። እዚያ ሲደርስ ቀዝቃዛውን ውሃ ዳገቱን ያወጣዋል። ባሕሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የሚሞቱት ኮራሎች እዚያ ትንሽ እፎይ ይላሉ። አንድን ኮራል ከሞት የሚያተርፈው ውሃ የተነሳው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ጨረቃ ገፍታው ነው። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

«የኢንዶኔዥያው ሰርጓጅ መርከብ ተረት ነው»

እዚህ ላይ በግማሹ እስማማለሁ። ናንጋላ የተባለው ሰርጓጅ መርከብ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 2021 ከባሊ ሰሜን ጠፋ። 53 ሰው ነበረበት፣ አንድም አልተረፈም። ስብርባሪው ከ800 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ነው የተገኘው። የአገሪቱ ባሕር ኃይል ሰዎች የውስጥ ሞገድ ጎትቶ አውርዶት ይሆናል ብለው ነበር። ይሄ ግምት ነው፣ አልተረጋገጠም። እንደ ተረጋገጠ አድርገው የሚያወሩትን ጸሐፊው መተቸታቸው ተገቢ ነው።

ግን ተረት ነው ለማለት «እንዲህ ያለ ሞገድ ሊኖር አይችልም» ነው ያሉት። ከባሊ አጠገብ ያለው የሎምቦክ ሰርጥ በውስጥ ሞገድ የታወቀ ነው። ሰርጓጅ መርከብ ደግሞ ከሌላው መርከብ ይልቅ ለዚህ ይጋለጣል። ውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ የሚቆየው ክብደቱ ከከበበው ውሃ ጋር ስለተመጣጠነ ነው። የከበበው ውሃ በሙሉ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፤ ከላይ የወረደው ደግሞ ቀላል ውሃ ስለሆነ መሸከሙን ይቀንሳል። የ53 ሰው ነፍስ ያለበት ነገር ነውና ሁለቱንም ወገን በጥንቃቄ መናገር ይሻላል።

«ባሕር ለሌለው አገር ምን ያደርግለታል?»

መርከቦቻችን በባብ ኤል መንደብ ያልፋሉ። በዓለም ዙሪያ መርከብ ላይ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አሉ፤ ጽሑፉን የላኩልኝም እነሱ ናቸው። ይሄ ብቻ በቂ ነበር።

ሌላም አለ። የውስጥ ታይድ ሲሰበር ቀዝቃዛውን ውሃ ከሞቃቱ ጋር ያቀላቅላል። በኢንዶኔዥያ ባሕሮች ይሄ መቀላቀል የባሕሩን ፊት በግማሽ ዲግሪ ገደማ እንደሚያቀዘቅዘው ተሰልቷል። ግማሽ ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ግን እዚያ አካባቢ ያለው የባሕር ሙቀት ከኤል ኒኞ ጋር እጅና ጓንት ነው። ኤል ኒኞ የእኛን ክረምት ሲያዛባ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2015 አይተናል፤ ወሎና ትግራይ፣ አፋርና ሐረርጌ ያሉ ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች ከማንም በላይ ያውቁታል። አየር ንብረቱን በኮምፒውተር የሚያሰሉ ሰዎች የውስጥ ታይድን ከስሌታቸው ካወጡ የባሕሩን ሙቀት ይስታሉ። ባሕር ባይኖረንም ዝናባችን የሚመጣው ከባሕር ነው።

የጠላቂው ጓደኛ ምስክርነት

የቀረው ይሄ ነው። «ከታች ፍጹም ጸጥታ ነው» ያሉት ሰው አልዋሹም። የተሰማቸውን ነው የተናገሩት። ግን ሒሳቡን እንየው። ንብርብሩ በ6 ሰዓት ውስጥ 50 ሜትር ቢነሳ፣ በሴኮንድ 2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ያውም ጠላቂው ውሃው ውስጥ ስለሆኑ አብረው ይነሳሉ። ይሄን የሚሰማ ገላ የለም። አየር ጋኑ ደግሞ የሚበቃው ለአንድ ሰዓት ቢሆን ነው።

ስለዚህ ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናለሁ። ጓደኛዎ በሚቀጥለው ጅቡቲ ሲሄዱ ራሱ የሚመዘግብ ትንሽ ቴርሞሜትር ይግዙ። አራት አምስት ቢሆን ይሻላል፣ ውድ አይደለም። በአንድ ገመድ ላይ በየ10 ሜትሩ ያንጠልጥሉት፣ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ተንሳፋፊ ጀሪካን። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ቁልቁል በሚወርድበት ጠርዝ ላይ፣ ሙቀቱ የሚለወጥበትን ወሰን እንዲያቋርጥ አድርገው ያስቀምጡት። በ15 ቀን አንዴ ታይዱ ስለሚበረታ 15 ቀን ይተዉት። ከዚያ አውጥተው ቁጥሩን በሰዓት በሰዓት ወረቀት ላይ ያስፍሩት። ለእኔም ይላኩልኝ፤ እኔ ያየሁትን የጂብራልታር ራዳር ፎቶ እልክላቸዋለሁ።